የቂርቆስ ከበሮ

ደሴ ሸዋ በር ውስጥ ሰው ሰውን "እንዴት አደርክ?" ብሎ መጠየቅ ያቆመው ማንም ከልክሎት አይደለም። ጥያቄው ራሱ ሥራ ፈትቶ ነው። በየቤቱ መቃን ላይ ሎሚ የምታክል መብራት አለች። ቤቱ ውስጥ ያደረው ሁሉ ደህና ካደረ አረንጓዴ ትሆናለች፤ አንዱን አንዳች ነገር ከነካው ቢጫ። ጎረቤት ማለዳ ሲወጣ ቀና ብሎ መብራቷን ያያል፤ አረንጓዴ ከሆነች ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ያየውን መልሶ መጠየቅ፣ ዝናብ እየደበደበው "እየዘነበ ነው ወይ?" እንደሚል ሰው መሆን ነው።

መብራቷን የሚያበራት ጠባቂው የሚሉት የጤና መሣሪያ ነው። ጠባቂው ትራስ ውስጥ አለ፣ የብርጭቆ ከንፈር ላይ አለ፣ የልጆች ፖፖ ውስጥ አለ። ሰው ሲተኛ ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ሰው ሲጠጣ ምራቁን ይቀምሳል። መጀመሪያ የተተከለ ጊዜ ሰው ስለ ጤናው የሚናገረውንም ይሰማ ነበር አሉ። ወሎ ላይ ግን አልሠራለትም። እግሩ የተሰበረው "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላል። አንድ ሐሙስ የቀረው ሽማግሌ "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል" ይላል። ጠባቂው ግራ ቢገባው ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ሳይቀር አረንጓዴ ማብራት ጀመረ። በኋላ ባለሙያዎች መጡና ሰላምታን ከነመልሱ ከጆሮው ነቀሉለት። ከዚያ ወዲህ "እንዴት ናችሁ" እና "ደህና ነን" ለጠባቂው የነፋስ ድምፅ ናቸው። አይሰማቸውም፣ አይመዘግባቸውም።

ይህን ታሪክ ምንተስኖት የሰማው ከተሳፋሪ ነው። ከፒያሳ ተነስቶ ጦሳ ተራራ ላይ በሚወጣው የገመድ ሰረገላ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራል። ሰረገላው በራሱ ይሄዳል፣ በራሱ ይቆማል፤ የምንተስኖት ሥራ አሮጊት ደግፎ ማውጣት፣ ከፍታ የሚፈራውን ማጫወት፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ማዳመጥ ነው። ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ነው ያቋረጠው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ከሰው አፍ ለቅሞ ነው ያወቀው። ከለቀመውም ውስጥ አንዱ ይህ ነው፦ ጠባቂው ይናቀው እንጂ ሰላምታ አይዋሽም። ቤቱ የታመመበት ሰው "ተመስገን" ይልና ያቆማል። ቤቱ ደህና የሆነ ግን ይጨምራል። ስለ ልጁ ያወራል፣ ስለ አማቱ ያወራል፣ የጎረቤት ዶሮ እንኳ አይቀረውም።

መስቀል ሊሆን ሲል የምንተስኖት ደጅ ቢጫ ሆነ።

ቁርስ ላይ ነበሩ። ጠባቂው የሦስት ዓመት ልጁን የብርቅነሽን ልብ ሌሊቱን ሲያዳምጥ አድሮ፣ "በልጅቷ የልብ ምት መሃል ትርፍ ድምፅ አለ" አለ። ከዚያም በዚያው ባልቸኮለ ድምፁ "የገንፎው ጨው በዝቷል" ብሎ ጨመረ።

ሚስቱ አስካለ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። "ምን አለ?"

"ጨው በዝቷል አለ።"

"ከዚያ በፊት! ከዚያ በፊት ምን አለ ነው የምልህ!"

ብርቄ ግን ገንፎዋ መሃል ያለውን የቅቤ ጉድጓድ በጣቷ እየቆፈረች ነበር።

የሰፈሩ ሰው መብራቷን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ አለፈ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መብራቷ ነግራዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይጠይቅ? በሩን ያንኳኳችው የአንድ ሰው ምርኩዝ ብቻ ናት። የጎረቤታቸው የእትዬ መዲና ምርኩዝ። እትዬ መዲና በራሳቸው መብራት ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ከደፉባት ዓመታት አልፈዋል፤ "እኔን ማወቅ የፈለገ አፍ አለው፣ ይጠይቀኝ" ነው የሚሉት።

"ኧረ አብሽሩ!" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "ልብ ያላት ልጅ ናት ማለት ነው። ልብ ባይኖራት ነበር የሚያስፈራው።"

ለምርመራ ብርቄን ይዘው በሰረገላው ወጡ፤ ጤና ጣቢያው ጦሳ ላይ ነው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ገመዱ በትንሿ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አናት ያልፋል። ምንተስኖት በየቀኑ እዚያ ሲደርስ ቆቡን ያወልቃል። ያን ቀን ግን ቆቡን አወለቀና ሳያስበው አፉ ተከፈተ። "ቂርቆስ ሆይ፣ አንተም በሦስት ዓመትህ ነው መከራ ያየኸው፤ የልጅን ነገር ታውቃለህ። ሐኪም በአፉ 'ልጅህ ጤነኛ ናት' ይበለኝ ብቻ፣ ከበሮ አስገባልሃለሁ።"

አስካለ ዞር ብላ አየችው። "ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሰው ጧፍ ይሳላል። አንተ ከበሮ! ማን ነው የሚሸከመው?"

"ከአፌ ወጣ።"

"አፍህ ትከሻህን አማክሮ አያውቅም።"

ምርመራው እስከ ታኅሣሥ ዘለቀ። ብርቄ ሆዷ ውስጥ ገብታ የምታንጎራጉር ፍሬ ዋጠች። የልቧን ሥዕል የሚሥል ሸሚዝ አለበሷት። ግድግዳዎቹ የልጆችን ሩጫ በሚመለከቱበት አዳራሽ ውስጥ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ስትባረር ዋለች። ደስ አላት። ከጤና ጣቢያ እንሂድ ሲሏት የምታለቅስ ልጅ ሆና አረፈችው። የሚያልቀው አባቷ ነበር፤ የእሱ ትራስ በበኩሉ "ይህ ሰው አይተኛም" ብሎ ከሰሰው፤ ደጃቸው ላይ ያለችው ቢጫ መብራትም በእሱ ሰበብ ጨምራ ደመቀች።

በመጨረሻ ዶክተር ሐያት አስጠራቻቸው። ዶክተር ሐያት ልጅ እግር ናት፤ አንገቷ ላይ እንደ ሐኪም ሁሉ ምስክር የሚሉትን ጠፍጣፋ ብርማ ነገር አድርጋለች። ምስክሩ ሐኪም የሚናገረውን ይመዝናል። ያልተረጋገጠ ቃል ከወጣ ይጮኻል፤ መጮኽ ካበዛ ደግሞ ሐኪሙ ሥራውን ያጣል።

"ትርፍ ድምፁ ጠፍቷል" አለች። "ለጊዜው የሚታይ ምልክት የለም። በሰኔ መልሳችሁ አምጧት።"

"ጤነኛ ናት ማለት ነው?" አለ ምንተስኖት።

"የሚታይ ምልክት የለም ማለት ነው።"

"እሱማ ገባኝ ዶክተር። ጤነኛ ናት ወይ?"

ሐያት ምስክሩን በጣቷ ነካችው። "አቶ ምንተስኖት፣ ያንን ቃል ከተውነው ቆየን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሐኪሞች "ጤነኛ ነህ፣ ሂድ" ይሉ ነበር። በኋላ ግን ጠዋት ጤነኛ የተባለ ሰው ማታ ሲታመም ክስ በዛ፤ መመርመሪያውም እየረቀቀ ሄዶ ማንም ሰው ላይ አንድ ነገር የማይታጣበት ደረጃ ተደረሰ። እናም ቃሉ ከሕክምና ወጣ። አሁን ጤነኛ የሚባል ሰው የለም፤ ያለው ገና ምንም ያልተገኘበት ሰው ነው። ሕዝቡም ለምዶታል። ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው፣ እንደ ሰረገላው በገመድ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ሐያት ሲወጡ ብርቄን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ ፈገግ አለች። ምስክሩ ፈገግታ አይመዝንም። ምንተስኖት ፈገግታዋን አየው፤ ልቡም በደስታ ዘለለች። ስለቱ ግን "በአፉ ይበለኝ" ነበር።

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ጎረቤት አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አለፈ። ምንተስኖት ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ሮጦ ሰውን ሁሉ አንገቱን አንቆ ቢስም ደስ ባለው። ግን "ተመስገን" ለማለትም ጠያቂ ያስፈልጋል፤ ጠያቂ ደግሞ የለም።

ከበሮው ከላስታ መጣ። ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ በበሬ ቆዳ የተወጠረ፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ፣ የብርቄን አገጭ የሚደርስ ከበሮ። ሳሎኑ ማዕዘን ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ምንተስኖትም የንስሐ አባቱ ወደ ሆኑት ወደ ቄስ ኅሩይ ሄደ።

"ምን ብለህ ነበር የተሳልከው?" አሉት።

"ሐኪም በአፉ ጤነኛ ናት ሲለኝ ብዬ።"

"አለህ?"

"'ምልክት የለም' አሉኝ።"

ቄስ ኅሩይ ሳቁ። "ልጄ፣ በሩን ማን አጠበብህ? እንዲያው 'ከዳነችልኝ' ብትል ምን ነበረበት?"

"ፈርቼ ነበር አባ። ከሰው አፍ ልስማው አልኩ።"

"እንግዲያማ ታገስ። ያልተባለውን ተባለ ብለህ ብታመጣ ከበሮ ብቻ ሳይሆን ውሸትም ተሸክመህ መምጣትህ ነው። ቂርቆስ አይጣላህም፤ ይጠብቅሃል። ብቻ ልጅ ነው፣ 'አመጣልሃለሁ' ያሉትን አይረሳም።"

የቂርቆስ ክብረ በዓል ጥር አሥራ አምስት ነው። ጥምቀት መጥቶ አለፈ። ምንተስኖት ጦሳ ላይ ሲወጣ ሲወርድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አናት ሲያልፍ፣ ቆቡን ሲያወልቅ ዓይኑን ሰበር ማድረግ ጀመረ። ልጁ ተሰጥታዋለች፤ ምስጋናው ሳሎን ማዕዘን ላይ አቧራ ይጠጣል። "ይዘኸው ሂድ በቃ" ትላለች አስካለ። "ማን ያውቃል?" "የተሳልኩለት ያውቃል" ይላታል። ቢጨንቃት ለእትዬ መዲና ነገረቻቸው። እትዬ መዲና አዳምጠው አዳምጠው፣ "ይኼ ሁሉ ሰው መጠየቅ ስለጠፋ ነው" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ብርቄ በጥምቀት ዲያቆኑ ከበሮ ሲመታ አይታለች። ቤታቸው ያለው ግን አይነካም። "ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ አይመታም" ብለዋታል። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት አስካለ ገበያ ወጣች፤ ምንተስኖት ፊቱን ሊላጭ ጓዳ ገባ። ብርቄ ከከበሮው ጋር ብቻዋን ቀረች።

ዱም። ዱም፣ ዱም። ዱ-ዱ-ዱም።

"በቤቱ ውስጥ ያልተመዘገበ ሰው አለ" አለ ጠባቂው።

ምንተስኖት ግማሽ ፊቱን አረፋ እንደለበሰ ብቅ አለ።

"ሰውየው በጣም ትልቅ ነው። ልቡ ከባድ ነው። ምቱ የተዘበራረቀ ነው።" ጠባቂው ጥቂት አሰበ። "እባክዎ በሽተኛውን አያንቀሳቅሱት።"

"ኧረ ከበሮ ነው!"

"በሽተኛ ከበሮ። ተመዝግቧል። ዕድሜ?"

"ሰው አይደለም! ከበሮ! ብርቄ ተይ እጅሽን!"

ብርቄ እጇን አነሳች። ከበሮው ዝም አለ።

"ልቡ ቆሟል" አለ ጠባቂው። "ሐኪም እየመጣ ነው።"

ደጁ ላይ ያለችው መብራት ቀይ ሆነች። ሸዋ በር ውስጥ ቀይ ታይቶ አይታወቅም፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። የማያውቅ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ከስንት ዘመን በኋላ ሰፈሩ በሩን እየከፈተ ወጣ። "ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ ወይ? ልጅቷስ?" ያ ከዚህ፣ ይቺ ከዚያ እየጮኹ ሳሎኑ ሞላ። እትዬ መዲናም ሰዉን በምርኩዛቸው እየከፈሉ ገቡ። አስካለ የገበያ ዘንቢሏን ጥላ ስትሮጥ ደረሰች። ወዲያው ጣሪያው ላይ አንዳች ነገር አረፈ፤ ዶክተር ሐያት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጣ ገባች።

"በሽተኛው የት ነው?"

ምንተስኖት አረፋውን እየጠረገ ወደ ማዕዘኑ ጠቆመ። ሐያት ከበሮውን አየች። አጠገቡ እጆቿን ከኋላዋ የደበቀች ልጅ አየች። መልእክቱን እንደገና አነበበች። "በሽተኛ ከበሮ፣ ዕድሜው ያልታወቀ፣ ልቡ የቆመ..." ካለች በኋላ ሳቅ አፈናትና ግድግዳ ተደገፈች።

"በሬውማ ድሮ ሞቷል" አሉ እትዬ መዲና፤ "የተረፈው ቆዳው ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐያት ዓይኗን ጠርጋ፣ ቀዩን መብራት አስጠፍታ፣ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል የእትዬ መዲና ምርኩዝ በሩ ላይ ተጋደመ።

"አንቺ ልጅ! ሰው ቤት ገብቶ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ? የማን ልጅ ነሽ?"

"የሐይቁ የሸህ ሙሄ የልጅ ልጅ ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ፣ ተቻኩዬ ነው።"

"ሙሄን አውቀዋለሁ። ሙሄ ቢሆን ሬሳ ሊያወጣ መጥቶ እንኳ ፍየሏ እንዴት እንደሆነች ሳይጠይቅ አይወጣም።"

ሐያት አፈረች። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። "እንዴት ናችሁ?" አለች።

"አልሐምዱሊላህ።" "እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቤቱ እንዴት ነው? ጎረቤቱስ? ከብቱስ?"

ሸዋ በር ላም ካየ ዘመን የለውም፤ ግን ከብቱም ደህና ነው ተባለ። የሐያት አንገት ላይ ያለው ምስክር ዝም እንዳለ ነው። ሰላምታ እንደ ጠባቂው ከእሱም ጆሮ ተነቅሏል፤ ለእሱ ነፋስ እየነፈሰ ነው።

"አንቺስ እንዴት ነሽ?" አሉ እትዬ መዲና በተራቸው።

"ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"እናትሽስ?"

"ደህና ናት።"

እትዬ መዲና ምርኩዛቸውን ወደ ብርቄ አዞሩ። "ይቺ ልጃችንስ እንዴት ናት?"

አስካለ የምንተስኖትን ክንድ ጨበጠች። ሐያት እጇን ወደ ምስክሩ ሰደደችና መሃል ላይ አቆመችው፤ አሮጊቷን አየች፣ ከዚያም ግማሽ ፊቱ የተላጨውን አባት አየች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ደጋግሞ የጠየቃት ጥያቄ ትዝ አላት መሰለኝ። ብርቄ ፊት ተንበረከከች፣ መዳፏን የልጅቷ ደረት ላይ አሳረፈች፣ እንደ ጥንት ሐኪም ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ምንተስኖትን ዓይን ዓይኑን አየችው።

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

አለችና አቆመች።

ምንተስኖት፣ "ተመስገን" ብሎ የሚያቆም ሰው ምን እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቃል። ዓይኑን ከአፏ ላይ መንቀል አቃተው።

ሐያት ግን ትንፋሽ እየሳበች ነበር። "ጤነኛ ናት" አለች። "ፍጹም ጤነኛ ናት። ልቧ እንደ ሚዳቋ ነው። ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ትመታለች፣ ሐኪም ከሥራ ታስሮጣለች። አድጋ ትጦራችኋለች፣ ኢንሻ አላህ።"

ሁሉም የምስክሩን ጩኸት ጠበቀ። ምስክሩ ነፋሱ እስኪያልፍ ዝም አለ።

"አሚን!" አሉ እትዬ መዲና።

"አሚን!" አለ ቤቱ። አስካለ እልል አለች። ምንተስኖት ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ብርቄ ሰው ሁሉ ደስ ያለው መስሏት፣ እውነቷንም ነው፣ እጇን ከኋላዋ አውጥታ አንዴ ዱም አደረገችው። የቆጣት ሰው የለም።

በነጋታው ጥር አሥራ አምስት ከሸዋ በር ወደ ቂርቆስ በእግር ወጡ። ምንተስኖት ከበሮውን ተሸክሟል፤ ብርቄ ነጭ ለብሳ ከፊት ከፊት ትሮጣለች፤ ጎረቤቱ ክርስቲያኑም እስላሙም ይከተላል። እትዬ መዲና እስከ ቅጥሩ በር ሊሸኙ መጥተዋል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አስካለ ተጠጋችው።

"ትከሻህ እንዴት ነው?"

"ተመስገን" አለና አቆመ።

"ታሟል በለኛ!" ብላ በሳቅ ከነጠላዋ ጋር ታጠፈች።

በሩ ላይ ቄስ ኅሩይ ቆመዋል። ከበሮውን አይተው የምንተስኖትን ፊት መረመሩ። "ተባለልህ?" አሉት።

"ተባለልኝ አባ።"

"ማን አለህ?"

የዶክተር ሐያት አንገት ላይ ያለው ብርማ ነገር ትዝ አለውና ሥራዋን እንዳያሳጣት ስሟን ዋጠ። "ሰላም ያሉኝ ሰው ናቸው" አለ።

"ሰላም ብቻ?"

"ሰላም ብለው ጨመሩበት።"

ቄስ ኅሩይም የወሎ ሰው ናቸው። ገባቸው። መስቀላቸውን አሳልመው፣ የከበሮውን አንድ ወገን ራሳቸው ይዘው አወረዱለት። ከውስጥ መዘምራኑ አዲሱን ከበሮ እየጠበቁ ይጣራሉ። ቄሱ ግን አልቸኮሉም፤ እግራቸው ሥር የቆመችውን ልጅ አይተው የቀረውን ጥያቄ ጠየቁ።

"ብርቄስ እንዴት ናት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ" አለ ምንተስኖት። አላቆመም። ስለ ልቧ ጨመረ፣ ስለ ሩጫዋ ጨመረ፣ ገንፎ ላይ ስለምትቆፍረው ጉድጓድ ጨመረ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ እትዬ መዲና ምርኩዝ፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ጨመረ፤ መዘምራኑ ትዕግሥታቸው አልቆ ከበሮውን ከእጁ እስኪወስዱት ድረስ ይጨምር ነበር።